ዲሹ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ሰፈር ነው። ቤት ውስጥ አምስት ነን፦ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሁለት ልጆቼና እኔ። ትልቁ ልጄ «የዲሽ ጊዜ አልፏል፤ ሸጠን ቲቪ ቦክስ እንግዛ፣ ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ባለፈው ወር ከጓደኛው ቦክስ ተውሶ በእኔ ስልክ ሆትስፖት ሞከርነው። የገዛሁት 10 ጊጋ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ባለቤቴ ኳስ ሲያይ ጎሉን የሚሰማው ከጎረቤት ጩኸት ነው፤ እኛ ቤት ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ላይ ነው። አማቴ ደግሞ ዜናቸውን ራሳቸው መክፈት ስላቃታቸው በጊዜ ገብተው ይተኛሉ፤ ይሄ ነው ያሳዘነኝ። ግን እኔም ከሥራ ስገባ ድራማው አልቆ ስለሚቆየኝ የልጄ ሐሳብ ይስበኛል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ዲሹ መጥፋቱም ሰልችቶናል። ምን ይሻለናል?»

መልሳችን

እህታችን፣ ዲሹ ይቆይ። ቦክሱም ይገዛ። ከቦክሱ በፊት ግን አንድ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ይግዙ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንነግርዎታለን።

ልጅዎ የያዘው ሐሳብ እውነት አለው። ጣቢያዎቹ ራሳቸው ያስተላለፉትን ድራማና ውይይት ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ፤ ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው በራሱ ሰዓት ማየት ትልቅ ነገር ነው። ያላሰበበት የዋጋውን አሠራር ነው። የዲሽ ስርጭት እንደ ዝናብ ነው፤ በሁሉም ቆርቆሮ ላይ እኩል ይወርዳል። አንድ ሰው አየው አምስት፣ አንድ ሰዓት ተከፈተ ቀኑን ሙሉ፣ ነፃ ለሆኑት ቻናሎች የሚከፍሉት ነገር አይጨምርም። ኢንተርኔት ግን እንደ ቦኖ ውሃ ነው፤ እያንዳንዱ ጀሪካን ይቆጠራል። አንድን ክፍል እርስዎ ማታ አይተውት ልጅዎ ጠዋት ቢደግመው ሁለት ጊዜ ተቀድቷል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቤታችሁ የሚያየውን ለሁለት ይክፈሉት። ካለፈ የሚበላሽ አለ፦ የማታው ዜና፣ ኳስ፣ በቀጥታ የሚተላለፍ የበዓል ዝግጅት። ቢቆይ የማይጎዳም አለ፦ ድራማ፣ ፊልም፣ የልጆች ትምህርት። የመጀመሪያውን ለዲሽ፣ ሁለተኛውን ለፍላሽና ለኢንተርኔት ይስጡ። «ወይ ይሄ ወይ ያ» ብሎ የሚመርጥ ቤት ወይ ሰዓቱን ወይ ገንዘቡን ያጣል።

10 ጊጋው የት እንደገባ እንየው። ማንም አልሰረቀዎትም። ስልክ ላይ ዩቲዩብ ሲከፍቱ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ጥራቱ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል። ቲቪ ላይ ሲከፈት ግን መተግበሪያው ስክሪኑ ትልቅ መሆኑን አውቆ፣ ኔትወርኩ እስከፈቀደለት ድረስ 1080 የሚባለውን ከፍተኛ የምስል ጥራት ይመርጣል። ዩቲዩብ ለ1080 የሚመክረው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው፤ ይህ በሰዓት ወደ 2.2 ጊጋ ይመጣል። 10 ጊጋ ማለት እንግዲህ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ካያችሁ በሦስተኛው ቀን ያልቃል፤ ልክ እንደሆነባችሁ። በ720 (2.5 ሜጋቢት) በሰዓት 1.1 ጊጋ ገደማ፣ በ480 (1.1 ሜጋቢት) ግማሽ ጊጋ፣ በ360 (0.7 ሜጋቢት) 0.3 ጊጋ ይሆናል። ባለ 32 ኢንች ቲቪን ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚያይ ሰው ድራማ በ480 በቂ ነው፤ ፊት ይለያል፣ ጽሑፍም ይነበባል። 360 ላይ ግን ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ለአማትዎ አይን አይመከርም።

ጥራቱን ለመቀነስ ቪዲዮው እየሄደ ሳለ የማርሹን ምልክት ይጫኑና 480 ይምረጡ። ቲቪው ላይ ሌላ ቪዲዮ ሲከፍቱ ተመልሶ ከፍ ሊል ስለሚችል በየጊዜው ይዩት። አንድ ክፍል ሲያልቅ ራሱ ቀጣዩን የሚከፍተውን «አውቶፕሌይ» ያጥፉት። ሰው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያደረ ቦክስ የወር ጥቅልን ይጨርሳል። ሦስተኛው በላተኛ የማይታየው ነው፦ ቦክሱ ዋይፋይ ሲያገኝ ያለፈቃድ መተግበሪያዎቹን ማደስ ይጀምራል። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብተው ራሱን በራሱ እንዳያድስ ይከልክሉት። ብዙ ስልኮች ደግሞ ሆትስፖት ውስጥ የዳታ ገደብ ማስቀመጫ አላቸው፤ 1 ጊጋ ላይ ያቁሙት፣ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል።

አሁን ወደ ፍላሹ። ሰዎች «በፈለግኩት ሰዓት ማየት» ሲሉ ኢንተርኔት ብቻ ይታያቸዋል። በአብዛኞቹ ሪሲቨሮች ፊት ወይም ጀርባ ላይ ያለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን ያንኑ ሥራ ያለ ዳታ ትሠራለች፦ ድራማው ሲተላለፍ ቀድታ ታቆይልዎታለች። ከሥራ ሲገቡ አልቆ የሚቆይዎት ድራማ መፍትሔው እዚሁ ነው። በመደበኛ ጥራት የሚተላለፍ ቻናል በሰዓት ከ1 እስከ 2 ጊጋ ቦታ ይወስዳል፤ ኤችዲ ከሆነ 3 ጊጋና ከዚያም በላይ። ስለዚህ 32 ጊጋ ፍላሽ አሥራ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መደበኛ ስርጭት ይይዛል፤ የሳምንት ድራማ ከነትርፉ ማለት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ፍላሹን ይሰኩና ከሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ፎርማት ያድርጉት፤ ቀድሞ የነበረበት ነገር ስለሚጠፋ ፎቶ ካለበት አስቀድመው ያውጡ። ከዚያ በሪሞቱ የሪኮርድ ቁልፍ አምስት ደቂቃ ለሙከራ ይቅዱና መልሰው ያጫውቱ። ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍላሹ ነው፤ ርካሽ ፍላሽ ለመጻፍ ቀርፋፋ ነው፣ በሌላ ይቀይሩት። ሙከራው ከተሳካ ወደ «ታይመር» ይግቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሪሲቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ለእሱ 20:00 ነው። 2:00 ብለው ከሞሉት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳና ማንም የማይፈልገውን ይቀዳል። የሰዓት ቀጠናውም ጂኤምቲ ፕላስ 3 መሆኑን ያረጋግጡ። ዝግጅቱ ከሚጀምርበት አምስት ደቂቃ ቀደም፣ ከሚያልቅበት አሥር ደቂቃ ዘግየት ያድርጉት፤ ማስታወቂያ ሰዓቱን ይገፋዋል።

ከቤት ሲወጡ ሪሲቨሩን በሪሞት ብቻ ያጥፉ። ከሶኬት ወይም ከዲቫይደሩ ካጠፉት ታይመሩ አይነሳም። መብራት በመቅዳት ላይ ሳለ ከሄደ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ የቀሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። አንድ ነገር ደግሞ ለአማትዎ ሲባል ይወቁ፦ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች በአንድ ጊዜ አንድ ሞገድ ብቻ ነው የሚይዙት። ድራማዎ እየተቀዳ ሳለ ማየት የሚቻለው ያንኑ ቻናል ወይም በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ነው። ድራማውና የእሳቸው ዜና ከተጋጩ ዜናው ይቅደም፤ ድራማው በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል፣ የዛሬ ዜና ግን ነገ አሮጌ ነው። የተቀዳው ፋይል ስልክ ላይም ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ መተግበሪያ ይከፈታል፤ ክፍያ ያላቸውና የተቆለፉ ቻናሎች ግን በዚህ መንገድ አይሆኑም።

ኳሱን በተመለከተ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ይህ መዘግየት በተሻለ ቦክስ አይጠፋም። የኢንተርኔት ቀጥታ ስርጭት ምስሉን ስድስት ስድስት ሰከንድ ያህል በሆኑ ቁርጥራጮች እየከፋፈለ ይልካል፤ ማጫወቻው ደግሞ እንዳይቆራረጥበት ሦስት ያህል ቁርጥራጭ አጠራቅሞ ነው የሚጀምረው። የመቁረጫው፣ የመላኪያውና የማጠራቀሚያው ጊዜ ሲደመር ከዲሹ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ወደ ኋላ መቅረት የተለመደ ነው። ጎረቤት በዲሽ እያየ እናንተ በኢንተርኔት ካያችሁ ጎሉን ሁልጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ትሰሙታላችሁ። ኳስ በዲሽ ይታይ፤ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም።

ዝናቡ ግን ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በጅማ ከዲሽ የሚያስኮበልለው እሱ ነው። ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል። ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ መጥፋቱ የማይቀር ነው። በካፊያ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ የዝናቡ ሳይሆን የዲሹ አቀማመጥ ነው፤ ማለትም በጠራ ቀንም ቢሆን ለጥቂት ነው የሚሠራው። የኢትዮጵያ ቻናሎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሚገኙበት ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከጅማ ሲታይ ከምሥራቅ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያዘነበለ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ከፍ ያለ ስለሆነ የጎረቤት ፎቅ አይከልለውም፤ ዲሹ ሥር የተተከለ አቮካዶ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ቅርንጫፉን ወደ ላይ ይዘረጋበታል። እርጥብ ቅጠል ከደረቅ ቅጠል የበለጠ ሞገድ ያግዳል። መጀመሪያ ቀና ብለው ዛፉን ይዩ።

ቀጥሎ የገመዱን ጫፎች ይዩ። ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሞገድ መቀበያ) ላይ የሚገባው ብሎን ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለበት ውሃ ገብቷል፤ ጫፉን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር መግጠምና ውሃ በማያስገባ ፕላስተር መጠቅለል ያስፈልጋል። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ይሥራ፤ ውሃው ከቀለበቱ ጫፍ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ማስተካከያውን በጠራ ቀን ያድርጉ። ሪሲቨሩ ላይ ከሚታዩት ሁለት መስመሮች የሚጠቅመው «ኳሊቲ» የሚለው ነው፤ ሌላኛው ገመድ ተገናኝቶ እንደሆነ ከመንገር ብዙ አያልፍም። ብሎኑን አላልተው ዲሹን በጥፍር ያህል እየገፉ በየእርምጃው አምስት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ባለሙያ ከመጣ ደግሞ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ እንዲያዞረው ይጠይቁት። ሳተላይቱ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ርቆ ስላለ፣ ጅማም ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ፣ ኤልኤንቢው ከቀጥታ አቋሙ በብዙ ዲግሪ መዞር አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ «ሠርቷል» ብለው የሚወርዱ ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በካፊያ ከጠፋ የ60 ሳንቲውን በ90 ይቀይሩ። የ90ው ስፋት 2.25 እጥፍ ነው፤ ሞገድም በዚያው ልክ ይሰበስባል።

ቦክሱን ሲገዙ የሚያዩት የካርቶኑን ጽሑፍ አይሁን። ባለ 2 ጊጋ ራም እና ባለ 16 ጊጋ ማጠራቀሚያ ለዩቲዩብ ይበቃል፤ ባለ 1 ጊጋው ግን ገና ሲከፈት ይንቀራፈፋል። ሱቁ ውስጥ ከቲቪ ጋር አሰክተው፣ በራስዎ ስልክ ሆትስፖት አንድ ቪዲዮ ከፍተው ካላዩ አይክፈሉ። «የዓለም ቻናል ሁሉ በነፃ ተጭኖበታል» ከተባለ ይጠንቀቁ፤ የተጫነው በሌላ ሰው ስርጭት ላይ የተንጠለጠለ ዝርዝር ነው፣ ባለቤቶቹ ሲዘጉት ሻጩ ተመልሶ አይመጣም። የዓመት ብሎ አስቀድሞ ክፍያ ለሚጠይቅማ ጭራሽ። ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ቦክሱን ከራሱ ባለ 5 ቮልት 2 አምፔር ቻርጀር እንጂ ከቲቪው ዩኤስቢ አያገናኙት። የቲቪው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው፤ ቦክሱ ሲከብደው እየጠፋ ይነሳል፣ ሰውም «ተበላሸ» ብሎ ይመልሰዋል። ቲቪያችሁ ኤችዲኤምአይ ከሌለውና ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ ቀዳዳ ብቻ ካለው መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ምስሉ ግን ፈዛዛ ስለሚሆን ለእሱ ቦክስ መግዛቱ አይመከርም።

በስልክ ማታ አውርዶ ቀን ማየትም አለ። ስልክዎ ላይ ዩቲዩብ የማውረጃ ምልክት ካሳየዎት በኢትዮ ቴሌኮም *999# ከሚገኙት ጥቅሎች የሌሊቱን ገዝተው በ480 ያውርዱ። ወጥመዱ ይህ ነው፦ ያወረዱትን ወደ ቲቪ «ካስት» ካደረጉት ቲቪው ራሱ ከኢንተርኔት እንደገና ይስበዋል፣ ዳታውም እንደገና ይቆረጣል። የስልኩን ስክሪን እንዳለ የሚያንፀባርቀውን «ሚረር» ወይም «ስክሪን ካስት» የሚባለውን ይጠቀሙ። በኤችዲኤምአይ ገመድ ለማገናኘት ካሰቡ ገመዱን ከመግዛትዎ በፊት በስልክዎ ይሞክሩት፤ ብዙ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በገመድ ምስል አያወጡም።

የቤት ኢንተርኔት ያስፈልጋችሁ ይሆን? ዜናውና ኳሱ በዲሽ፣ ድራማው ግማሹ በፍላሽ ከሆነ ለዩቲዩብ የሚቀረው በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በ480 በወር 22 ጊጋ ገደማ ይመጣል፤ ይህን በሞባይል ጥቅል መሸፈን ይቻላል። አራት ሰዓት በ1080 ቢሆን ግን 270 ጊጋ ያህል ነበር። ልጆቹ ለትምህርት የሚጠቀሙ ከሆነና ገመድ በሰፈራችሁ ካለ (994 ደውለው ይጠይቁ) ያልተገደበው የቤት መስመር ይሻላል። 5 ሜጋቢት ሁለት ቲቪ በ720 በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ራውተሩን ከቲቪው ኋላ ወይም ከቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ አያስቀምጡ፤ ብረት ዋይፋይን ይመልሳል። በሲም የሚሠራ ከሆነም የቆርቆሮ ጣሪያው ከማማው የሚመጣውን ስለሚቀንስ መስኮት ዳር ይሁን። ከመወሰናችሁ በፊት በተከታታይ ሦስት ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ቪዲዮ በ480 አሥር አሥር ደቂቃ ያጫውቱ፤ ሰው ሁሉ የሚከፍትበት ሰዓት እሱ ነው። ጠዋት ላይ ሞክሮ «ፈጣን ነው» ማለት አያስኬድም።

አማትዎን መጨረሻ ላይ ያመጣናቸው ትንሽ ጉዳይ ስለሆነ አይደለም። እሳቸው ያጡት ዜናውን ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰቡ ጋር የሚቀመጡበትን ሰዓትም ነው። በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ነገር ለለመዱ ሰው በፊደል መፈለግ፣ ከአሥር ምስል አንዱን መምረጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ቦክሱን አይቶ ሲጨርስ ቲቪውን ወደ ዲሹ መልሶ ይዝጋው፤ ብዙ ቲቪ ሲከፈት የሚመጣው መጨረሻ የነበረበት ላይ ነው። የሪሲቨሩ ሪሞት ላይ መክፈቻውን በቀይ ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ የእሳቸውን የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ዜና ቻናሎች ወደ 1ኛና 2ኛ ቁጥር ያዛውሩላቸው (ሜኑ ውስጥ «ኤዲት ቻናል» በሚለው ይሠራል)። ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቲቪው የእሳቸው ይሁን፤ ድራማው ያን ጊዜ ወይ እየተቀዳ ነው፣ ወይ ነገ ይጠብቃል። ልጆቹም ከጎናቸው ይቀመጡ።

ነጎድጓድ ሲመጣ የመብራቱን ሶኬት ብቻ ሳይሆን ከሪሲቨሩ ጀርባ የዲሹንም ገመድ ይንቀሉ። በገመዱ የሚገባው ጉልበት ሪሲቨሩን አቃጥሎ በኤችዲኤምአዩ በኩል ወደ ቲቪው ያልፋል። በዚያ ሰዓት ታይመር ላይ ያለ ድራማ ቢኖር እንኳ ይቅርብዎት።